የወገብና የእግር ሕመም በአቃቂ ሠራተኛ እናቶች ላይ፦ ዳሰሳ

የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከጅቡቲ የሚመጣው የቀድሞው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ያልፍበት የነበረ፣ በዚህም የተነሣ ከከተማዋ ነባር የፋብሪካ ሠፈሮች አንዱ የሆነ ደቡባዊ ዳርቻ ነው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ የቃሊቲ ብረታ ብረትና የቃሊቲ ምግብ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀጥሩ በኖሩበት በዚህ አካባቢ በቅርብ ዓመታት የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሯል፤ እንደ ገላንና ቱሉ ዲምቱ ያሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶችም ተሠርተው ነዋሪውን አበራክተውታል። በዚህ ሠፈር የምትሠራ እናት ቀኑን በማሽን ፊት ቆማ፣ በስፌት ወንበር ተቀምጣ ወይም መጥረጊያ ይዛ ጎንበስ ብላ ከዋለች በኋላ፣ ምሽቱንና ንጋቱን በምጣድ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋና በጀሪካን ዙሪያ ስለምታሳልፈው፣ ወገቧ ሁለት ፈረቃ ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፣ ስለ ወገብና ስለ እግር ሕመም እስከ ዛሬ የተከማቸው ዕውቀት ምን እንደሚል፣ ከዚያም ውስጥ ዕረፍት ለማታገኝ ሴት የሚሆነው የትኛው እንደሆነ መመርመር ነው።

የችግሩ ስፋት አከራካሪ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው፣ ቁጥሩም በ2050 እ.ኤ.አ. ወደ 843 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት ግምት ያመለክታል፤ ሰዎችን ሳይገድል ለረጅም ዓመታት ከሥራና ከኑሮ ከሚያጎድሉ ሕመሞች ሁሉ ቀዳሚውም ይኸው ነው። በሁሉም የዕድሜ ክልል ማለት ይቻላል ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። በአገራችንም በጎንደር ከተማ በመምህራን፣ በኋላም በሆቴል አልጋ አንጣፊዎችና ጽዳት ሠራተኞች ላይ የተካሄዱት ጥናቶች፣ ከተጠያቂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወገብ ሕመም እንዳለባቸው አሳይተዋል። የዚህ ዓይነት ጥናቶች አንድ ድክመት ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመዝኑት በመሥሪያ ቤት ያለውን ጎንበስ ማለትና ማንሣት ሲሆን፣ ሠራተኛዋ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ሁለተኛ ሥራ በቅጡ አይቆጠርም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ግን ክፍያ የሌለው የቤት ሥራና እንክብካቤ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ መሆኑን በግልጽ ስላሳየ፣ ስለ ሠራተኛ እናት ወገብ የሚናገር ማንኛውም ጥናት ይህን ግማሽ ቀን ዘልሎ ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ አይችልም።

ስለ ሕመሙ ምንጭ ሲነሣ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ከአሥር የወገብ ሕመምተኞች በዘጠኙ ላይ ለሕመሙ ተጠያቂ ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቆም አንድ የተጎዳ አካል የማይገኝ መሆኑ ነው። ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን መንስኤው ያልተለየ የወገብ ሕመም ይሉታል፤ ሕመሙ የውሸት ነው ማለት ሳይሆን፣ ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ መገጣጠሚያውና ነርቩ በአንድነት ተቆጥተውና ደክመው የሚያሰሙት አቤቱታ በመሆኑ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ተለይቶ አይታይም ማለት ነው። ሕዝቡ ዘንድ ግን ወገቡን የታመመ ሰው ሁሉ ወይ ብርድ የገባው ወይም ዲስኩ የተንሸራተተ ተደርጎ ይታሰባል። ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ፣ ውጪው ጠንካራ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ትራስ ሲሆን፣ ጠርዙ ተሰንጥቆ ውስጡ ሲወጣና በአቅራቢያው ያለውን ነርቭ ሲነካ እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም ያስከትላል። ሚክስተርና ባር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ቀዶ ሐኪሞች ይህን በ1934 እ.ኤ.አ. ካሳወቁ ወዲህ ዲስክ የወገብ ሕመም ሁሉ ተከሳሽ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ የጥናቶች ስብስብ፣ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይ የተነሣ የኤምአርአይ ምስል፣ ማለትም በማግኔት ኃይል የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት ከመቶ 37ቱ፣ በ80 ዓመት ላይ ካሉት ደግሞ ከመቶ 96ቱ ያረጀ ዲስክ እንዳላቸው እንደሚያሳይ ገልጿል። ስለዚህ በብዙ ሺህ ብር የተነሣ ምስል ላይ ዲስኩ ወጣ ብሏል ተብሎ መጻፉ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አያረጋግጥም፤ እንዲያውም ወረቀቱን ያነበበችው እናት ወገቧ እንደ ሸክላ የሚሰበር መስሏት መንቀሳቀስ ስታቆም የምስሉ ጉዳት ከጥቅሙ ይበልጣል።

የእግር ሕመም ከወገብ ሕመም ጋር አብሮ ስለሚነገር አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ቢያንስ አራት የተለያዩ ምንጮች አሉት፤ ሕክምናቸውም የተለያየ ስለሆነ መለየታቸው ግድ ነው። የመጀመሪያው ከታችኛው የአከርካሪ ክፍል የሚነሣው ትልቁ የእግር ነርቭ ሲነካ የሚመጣው ሲሆን፣ ከቂጥ ተነሥቶ በጭን ጀርባ ወይም ጎን በኩል ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት የሚወርድ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚነዝር፣ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ የሚብስ ሕመም ነው። ሁለተኛው ለረጅም ሰዓት ከመቆም የሚመጣ የደም መልስ ሥሮች ድካም ነው፤ በእግር ውስጥ ወደ ላይ ደም የሚመልሱት ሥሮች በውስጣቸው ያሉት ከለላዎች ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ስለሚጠራቀም ሥሮቹ ጠምዘዝ ብለው ያብጣሉ፣ ማታ ማታ እግር ይከብዳል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። በተደጋጋሚ የወለዱና ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ ሴቶች ለዚህ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ጥቂት ማሳረፍና ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ ማድረግ ያቃልለዋል፤ ወገብን ማሸት ግን አይፈይደውም። ሦስተኛው የጉልበትና የተረከዝ ሕመም ነው፤ ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያውን እርምጃ ሲረግጡ ተረከዝን እንደ ሚስማር የሚወጋውና ጥቂት ሲራመዱ የሚለዝበው ሕመም የውስጥ እግር ጅማት መቆጣት ምልክት ሲሆን፣ ሶሉ የሳሳ ጫማ አድርጎ በሲሚንቶ ወለል ላይ መቆም ያባብሰዋል። አራተኛው፣ ከሁሉም አደገኛው፣ በአንድ እግር ባት ላይ በድንገት የሚመጣ እብጠት፣ ሙቀትና ሕመም ነው፤ ይህ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ከሆነ፣ ሳይታሽ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና።

ወደ ሸክሙ ስንመለስ፣ በአቃቂ ኑሮ ውስጥ ከጀሪካን የበለጠ ሊጠና የሚገባው ዕቃ የለም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፍተኛ ድርሻ የሚገኘው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ሆኖ ሳለ፣ በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ምክንያት የሠፈሩ ሴት ጀሪካን ስታነሣና ስታስቀምጥ መኖሯ ትዝብት ላይ የሚጥል ነገር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በጀርመን አገር ኡልም ከተማ ቪልከ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ፈቃደኛ ሰው የወገብ ዲስክ ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገብተው፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም 0.5 ሜጋ ፓስካል የነበረው ግፊት፣ 20 ኪሎ ግራም ዕቃ ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሣ ወደ 2.3 ከፍ ማለቱን፣ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሣ 1.7 መሆኑን፣ ዕቃውን ከሰውነቱ አስጠግቶ ሲይዘው ደግሞ ወደ 1.1 መውረዱን ለክተዋል። ልኬቱ የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን ለሁሉም እንደ ሕግ መውሰድ አይገባም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ወገብን የሚፈትነው የክብደቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከሰውነት የራቀበት ርቀት ጭምር ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም በአመቺ ሁኔታ እንኳ አንድ ሰው እንዲያነሣ የሚፈቅደው ጣሪያ 23 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ዕቃው ከመሬት ሲነሣ፣ ከሰውነት ሲርቅ ወይም ወገብ እየተጠመዘዘ ሲነሣ ጣሪያው ዝቅ ይላል። ባለ 25 ሊትሩ ጀሪካን ይህን ጣሪያ ያልፋል፤ መወጣጫ ማሽን በሌለው ሕንፃ ውስጥ እስከ 4ኛ ፎቅ ሲወጣ ደግሞ ከጣሪያው ምን ያህል እንደሚርቅ ለመገመት አያስቸግርም። ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ምክር ቀላል ነው፤ አንዱን ትልቅ ጀሪካን በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍሎ በሁለት እጅ አመዛዝኖ መያዝ፣ የሞላውን ዕቃ ከመሬት ይልቅ ከጉልበት በላይ በሆነ መደብ ወይም ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ሲያነሡ ወደ ሆድ ማስጠጋት። በአንቀልባ የታዘለ ልጅም ክብደቱ ከአከርካሪ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ፣ ልጅን በአንድ ጎን ዳሌ ላይ አንጠልጥሎ ከመዋል የተሻለ አያያዝ ነው። በምጣዱና በሳፋው ላይም ያው ነው፤ ምጣዱን ከመሬት ወደ ወገብ ከፍታ ማንሣትና ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ከማንኛውም ቅባት የበለጠ ይጠቅማል።

እርግዝናና ወሊድ የራሳቸው ምዕራፍ ናቸው። ነፍሰ ጡር ከሆኑት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም የሚሰማቸው ሲሆን፣ የሆድ ክብደት ወደ ፊት መሄዱ፣ የሆድ ጡንቻዎች መለጠጣቸውና የዳሌ ጅማቶች መላላታቸው ምክንያቶቹ ናቸው። ሕመሙ ለአብዛኞቹ ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት ይለቃል፤ ለጥቂቶቹ ግን ይዘልቃል። በዚህ ላይ በእናቶች መካከል በስፋት የሚነገረው፣ በቀዶ ሕክምና ለመውለድ ወገብ ላይ የተወጋ የማደንዘዣ መርፌ ለዘለዓለሙ ወገብ ያሳምማል የሚለው እምነት ነው። መርፌው የተወጋበት ቦታ ለጥቂት ቀናት መጠዝጠዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የምጥ ማደንዘዣ መርፌ የተወጉና ያልተወጉ እናቶችን ለረጅም ጊዜ ተከታትለው ያነጻጸሩ ጥናቶች ልዩነት አላገኙም። የሚያሳዝነው፣ መርፌውን የምትከስ እናት ትክክለኛዎቹን ተጠያቂዎች፣ ማለትም የላሉትን የሆድና የዳሌ ጡንቻዎች፣ እንቅልፍ ማጣትንና ጎንበስ ብሎ ማጥባትን፣ ትታ መሄዷ ነው። ወደ ልጁ ማጎንበስን ትቶ ልጁን በትራስ ከፍ አድርጎ ወደ ጡት ማምጣት ወጪ የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው።

በሕክምናው በኩል ባለፉት አርባ ዓመታት የተለወጠው ትልቁ ነገር ስለ ዕረፍት ያለው አመለካከት ነው። በቀድሞው ጊዜ ወገቡን የታመመ ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኛ ይታዘዝ ነበር፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን ሁለት ቀን የተኙት ሰባት ቀን ከተኙት ባላነሰ ሁኔታ እንደተሻላቸው፣ ወደ ሥራቸውም ቀድመው እንደተመለሱ አሳየ። ይሁንና ዕረፍት አድርጊ የሚለው ምክር በብዙ ቦታ ዛሬም አልቀረም። ለአቃቂዋ እናት ይህ ምክር ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው፤ አንደኛ ልትፈጽመው አትችልም፣ ሁለተኛ ብትፈጽመውም አይፈውሳትም። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው የመጀመሪያ መመሪያ፣ ስለ ሕመሙ ማስረዳትን፣ በሥርዓት የተዘጋጀ የአካል እንቅስቃሴን፣ የተወሰኑ የእጅ ሕክምናዎችንና ማሸትን፣ ከመድኃኒት ደግሞ ፀረ ብግነት ማስታገሻን ሲደግፍ፣ የወገብ ቀበቶን፣ አከርካሪን በመሣሪያ መጎተትንና ከኦፒየም ወገን የሆኑ ጠንካራ ማስታገሻዎችን እንዲሰጡ አልመከረም። ትራማዶል በዚህ በመጨረሻው ወገን ውስጥ የሚገባ ሱስ አስያዥ መድኃኒት ነው።

ከእንቅስቃሴ ሁሉ በማስረጃ የተደገፈውና ርካሹ በእግር መሄድ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ከወገብ ሕመም በቅርቡ በተሻላቸው 701 ሰዎች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየተመከሩ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ መሄድን የለመዱት ሕመሙ እስኪያገረሽባቸው በአማካይ 208 ቀን ሲቆዩ፣ ያልለመዱት 112 ቀን ብቻ እንደቆዩ አሳይቷል። እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል፤ ከታክሲ ሰልፍ እስከ ፋብሪካ በር፣ ከፋብሪካ እስከ ገበያ ስትረግጥ የምትውል ሴት መቼ ከመሄድ ቦዝና ታውቃለች? መልሱ፣ የሚጠቅመው ጉዞ ያለ ሸክም፣ በራስ ፍጥነትና እጅን ነጻ አድርጎ የሚደረገው በመሆኑ፣ በጫና የታጀበው የሥራ ድካም እሱን አይተካም የሚል ነው። ስለዚህ ከቀላል ባቡሩ የቃሊቲ መስመር አንድ ጣቢያ ቀድሞ ወርዶ ያለ ዘንቢል መሄድ የሚቻልበት ቀን ካለ ሕክምና ሆኖ ሊቆጠር ይገባል። ሞቅ ባለ ውሃ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ወገብን ማሞቅም ለጊዜው ሕመም እንደሚያስታግስ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ የአያቶች ልማድ እዚህ ላይ ከሳይንሱ ጋር ይስማማል።

ወጌሻ ዘንድ መሄድ ከሕክምና ተቋም ይልቅ የሚቀድምበት ቤት ብዙ ነው። በቅባት ለዘብ አድርጎ ማሸት የሚያሳርፍ ጥቅም እንዳለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ራሱ ስለሚቀበል በጥቅሉ ማውገዝ ተገቢ አይደለም፤ ሆኖም አጥንት ተላቋል ብሎ በኃይል መጠምዘዝ፣ የተሰበረን ወይም በቲቢ የተበላን አከርካሪ ማሸት፣ የረጋ ደም ያለበትን ባት መዳመጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ለወራት የሚዋጥ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌንም ከዚህ የማይተናነስ አደጋ አለው፤ ጨጓራን ያቆስላል፣ ደም ያስፈስሳል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ለነፍሰ ጡር በተለይ የተከለከለ ነው ማለት ይቻላል። ቀዶ ሕክምናን በሚመለከት፣ በኔዘርላንድስ በ283 የእግር ነርቭ ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከጠበቁት ይልቅ ቶሎ እንደተሻላቸው፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን ከሁለቱም ወገን ከመቶ 95ቱ እንደዳኑ ስላሳየ፣ የአደጋ ምልክት ከሌለ መታገሥ ፍርሃት ሳይሆን ጥበብ ነው።

የአደጋ ምልክቶቹ ጥቂት ቢሆኑም ማንም ሴት ልታውቃቸው ይገባል። ሽንት መያዝ ወይም መልቀቅ ሲያቅት፣ በኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል ሲደነዝዝ፣ ሁለቱም እግሮች ሲዝሉ ወይም የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሣ ሲል፣ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል የሚያስኬድ የነርቭ ጭነት ነው። ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ላብና የክብደት መቀነስ አብረው ከመጡ ደግሞ የአጥንት ቲቢ ሊጠረጠር ይገባል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህ በሽታ፣ የቲቢ ጫና ከከበደባቸው 30 አገሮች አንዷ በሆነችው በኢትዮጵያ ዛሬም የወገብ ሕመም ተብሎ ለወራት እየታሸ የሚዘገይ፣ በጊዜ ከተገኘ ግን በመድኃኒት የሚድን ነው። በክፍለ ከተማው ውስጥ በቻይና መንግሥት ዕርዳታ የተሠራው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስላለ፣ ከጤና ጣቢያ ተልኮ መታየት በርቀት ሰበብ የሚቀር ነገር መሆን አልነበረበትም።

የቀረው ነገር የሕክምና ብቻ አይደለም። ቆሞ ለሚሠራ ሰው አንድ እግሩን በየተራ የሚያሳርፍበት ዝቅተኛ መርገጫ፣ በሲሚንቶው ላይ የሚነጠፍ የላስቲክ ምንጣፍ፣ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ አቋም መለወጥ ለፋብሪካ ባለቤት እዚህ ግባ የማይባሉ ወጪዎች ናቸው፤ ባል ጀሪካኑን ቢይዝና ልጆች ሳፋውን ቢካፈሉ ደግሞ ወጪው ምንም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ይፈቅዳል፣ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፣ ለታመመ ሠራተኛም በዓመት እስከ 6 ወር የሚደርስ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 2 ወሮች በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹን 3 ወሮች ያለ ክፍያ ያደርጋል። ሠራተኛዋ ይህን መብት ለማግኘት የሐኪም ማስረጃ ስለሚያስፈልጋት፣ ሕመሙን በፋርማሲ ክኒን ብቻ እያስታገሠች መቆየቷ ጤናዋን ብቻ ሳይሆን መብቷንም ያስቀርባታል። አዋጁ የሚሸፍነው ግን ቀጣሪ ያላትን ሠራተኛ ነው፤ በአቃቂ ገበያ ጉሊት ይዛ ከመሬት ተቀምጣ የምትውለው እናት፣ በሰው ቤት በተመላላሽነት ልብስ የምታጥበውም፣ ከዚህ ጥበቃ ውጪ ናቸው።